የገስግስ ገመድ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጆቼ ሶፋው ላይ ተደርድረው፣ ታናሽየዋ እግሯን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋ፣ «እማማ፣ ያንን የፈረሱን ንገሪን» አሉኝ።

«የትኛውን የፈረሱን?» አልኳቸው፣ እያወቅኩት።

«ገመዱን የሠራሽበትን። አሌክሳንድሪያ የሄድሽበትን።»

«ለሁሉም ባል የነበረውን ፈረስ!» አለች ታናሽየዋ፤ ተያይዘው ሳቁ።

ትልቋ ሜሮን ግን አልሳቀችም። እሷ ያን ቀን አብራኝ ነበረች። «ጻፊው እማማ» አለችኝ። «ስታወሪ ዞረሽ ዞረሽ ሌላ አገር ትደርሻለሽ። ከጻፍሽው ቢያንስ ወረቀቱ ይመልስሻል።»

እውነቷን ነው፤ ወሬ ስጀምር መንገድ እስታለሁ። እንግዲህ ልጻፈው። ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጆቹን ለሰንበት ትምህርት ቤተ ክርስቲያን ሳደርስ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ከእነሱ ጋር «ሀ ሁ» እያልኩ ነው። መምህሩ «እማማ፣ እርስዎም ጮክ ብለው ይበሉ» ሲሉኝ ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። በኋላ እነሱ ረሱት፣ እኔ ያዝኩት። ስለዚህ ፊደል ብስት አትፍረዱብኝ።

መጀመሪያ ፈረሱን ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የቀረው አይገባችሁም።

አያቴ የደላንታ ሰው ነበሩ። ደላንታ ሜዳው ሰፊ፣ ብርዱ ጆሮ የሚቆርጥ ነው፤ ፈረስ ደግሞ ብርድ ይስማማዋል። ከጣልያን በፊት፣ እኔ ገና ሳልወለድ፣ አያቴ ገስግስ የሚባል ድንጉላ ነበራቸው። ድንጉላ ማለት ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ ነው፤ ለእነዚህ ልጆች ስል ነው የምተረጉመው። መልኩ ዳማ ነበር፣ ቀይ ሆኖ ወደ ጥቁር የሚያደላ። ግንባሩ ላይ እስከ አፍንጫው የሚወርድ ነጭ ነበረው፤ አንዱ የኋላ እግሩም ነጭ ካልሲ ያጠለቀ ይመስል ነበር ይላሉ ያዩት። አያቴን በክርስትናም በዓለምም ስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። አገሩ የሚያውቃቸው በፈረሳቸው ነው፤ አባ ገስግስ።

ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲጠግብ፣ ሰዉ ባዝራ ባዝራውን፣ ሴቷን ፈረስ ማለቴ ነው፣ እየሳበ ለዘር ወደ እኛ ቤት ይመጣ ነበር። ከዋድላ ይመጣል፣ ከመቄት ይመጣል። ሴቶችና ሕፃናት ወደ ጓዳ ይገባሉ፤ እንዳያዩ ነው። እምዬ የሺ፣ ሴት አያቴ ማለት ናት፣ «ያልታየ ነገር አልነበረም፤ ግድግዳው ሁሉ ቀዳዳ ነው» እያለች ትስቅ ነበር።

አባ ገስግስ ለዚህ ብር አይቀበሉም። «ፈረሴን ላከራይ?» ብለው ይቆጣሉ። ባለ ባዝራው ለገስግስ አፍ ትንሽ ገብስ ይዞ ይመጣል፣ በቃ። ወጉ ያለው ገመዱ ላይ ነበር። ባዝራዋ ተስባ የመጣችበት ገመድ ይፈታና እኛ ቤት ይቀራል። ስትመለስ የምትሳበው በእኛ ቤት ገመድ ነው፤ ከፈረስ ጭራ ጥቁርና ነጭ ተደርጎ የተጎነጎነ፣ ከሩቅ የሚታይ። መንገድ ላይ ያያት ሁሉ «ገስግስ ዘንድ ነበረች» ይላል። ውርንጭላው በሰላም ሲወለድ ሰውየው የእኛን ገመድ መልሶ የራሱን ይወስዳል። ገመድ የተለዋወጡ ሰዎች ከዚያ በኋላ እንደ ዘመድ ይጠያየቃሉ። ያለ ገመድ የተወለደ የገስግስ ውርንጭላ ግን የተሰረቀ ነው።

ከአያቴ ጋር የማይስማሙ ወልዴ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩ። የጥሉ ነገር ዛሬ ሲነገር ያስቃል። አንድ ጥምቀት ጉግስ ሲጫወቱ ወልዴ አያቴን ከፈረሳቸው አወረዷቸው፤ ሴቱ ሁሉ ሳቀ። አባ ገስግስ ልብሳቸውን እያራገፉ «የዚህ ሰው ባዝራ የገስግስን ጥላ አታይም» ብለው ማሉ። በሁለተኛው ዓመት የወልዴ ባዝራ ወለደች፤ ውርንጭላው ዳማ፣ ግንባሩ ነጭ፣ አንድ የኋላ እግሩ ነጭ ካልሲ። አያቴ በሰንበት፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ወልዴን ደጀ ሰላሙ ላይ አቁመው «ሌባ! በሌሊት ዘር የሰረቅክ!» አሏቸው። ወልዴ አንድ ቃል አልመለሱም። እንዲህ ዝም ያለ ሰው ጥፋተኛ ነው ተባለ። ልጆቻቸውን ሰው «የዘር ሌባ ልጆች» እያለ ሲጠራቸው፣ ቤታቸውን አፍርሰው አገሩን ለቀው ሄዱ።

አሁን ምስጢሩን ስሙ። ወልዴ አልሰረቁም። አባ ገስግስ ለነገር ደሴ በወረዱ ሰሞን የወልዴ ሚስት ወደ እምዬ የሺ መጣች። አብሮ አደጎች ነበሩ። «ባዝራችን አርጅታለች፤ ዘንድሮ ካልያዘች ሁለተኛ አትወልድም፤ ሌላ ምንም የለንም» ብላ አለቀሰች። እምዬ የሺ ገስግስን በገዛ እጇ ፈትታ አወጣችው። ገመዱንም እንደ ወጉ ተለዋወጡ። «እኔን ብለሽ አፍሽን ያዢ፤ ገመዱን በጨለማ መልሽልኝ» አለቻት። ወልዴ ያን ቀን ደጀ ሰላሙ ላይ «ሚስትህ ናት የሰጠችኝ» ቢሉ ኖሮ ነጻ ይወጡ ነበር። የሰው ትዳር እንዳይፈርስ ብለው ዋጡት። እምዬ የሺም ፈራች፤ ዋጠችው። ገመድ መጎንጎን ስታስተምረኝ ነው፣ አባ ገስግስ ከሞቱ በኋላ፣ የወልዴን ገመድ ከሣጥን ሥር አውጥታ ያሳየችኝ። «ይኼን ባለቤቱ ሳይወስደው ቀረ» አለች። ያን ቀን ነው ሁሉንም ነግራኝ ያለቀሰች።

ይህን ይዤ ነው አሜሪካ የገባሁት።

ልጄ ሰናይት ዲቪ ደርሷት መጥታ፣ ልጆች ስትወልድ እኔን አስመጣችኝ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ ማብቂያ ገደማ ክሪስታል ሲቲ አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራ ነበር። እኔ ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ እመልሳለሁ፤ ስልክ አላነሳም። ስልክ አልወድም። ወንድሜ ያረፈ ጊዜ፣ አገር ቤት ካሉት ጋር በስልክ እንዳላወራ ሰናይት እየተከላከለች ሰንብታ፣ አንድ ማለዳ የማኅበራችን ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራችን ላይ ቆሙ። ክፉ አላደረገችም፤ ወጋችን ነው። ትልቅ ነገር በስልክ አይነገርም ብዬ ነው እኔም ያደግኩት።

ሆቴሉ ውስጥ አልማዝ የምትባል የሥራ ባልደረባ ነበረቻት። ምሳ ሲበሉ አገር ተጠያየቁ። «አባቴ ደላንታ ነው የተወለደው» ትላለች አልማዝ። «የእናቴም አገር እኮ ነው፤ አያቷ አባ ገስግስ ይባሉ ነበር» ትላለች ሰናይት፣ ምንም ሳታውቅ። አልማዝ ማታ እዚያው አጠገብ ካለው አሌክሳንድሪያ ቤቷ ገብታ ለአባቷ ይህንን ስም ነገረቻቸው።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰናይት ስልኳን አቀበለችኝ። «የአልማዝ አባት ናቸው። አንቺን ነው የሚሉት።»

«ወይዘሮ ጥሩነሽ ነዎት?» አለኝ የሽማግሌ ድምፅ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው።

«ነኝ።»

«የአባ ገስግስ የልጅ ልጅ?»

ይህን ስም ከባዕድ አፍ ከሰማሁ ዕድሜ ሆኖኝ ነበር። ኪችን ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ደምሴ እባላለሁ። ደምሴ ወልዴ። ያውቁን እንደሆነ።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው የሚባልብንንም ያውቃሉ» አሉ። ሳል ያዛቸው፤ ጠበቅኳቸው። «ያ ውርንጭላ ላይ እኮ መጀመሪያ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሕፃን ነበርኩ። ነጭ እግሩ አሁን ድረስ ይታየኛል። አባቴን እስኪሞት ድረስ ልጠይቀው እፈልግ ነበር፤ ‹ሌባ ነህ?› ተብሎ አባት ይጠየቃል? ሳልጠይቀው ሞተ። አሁን ሁሉም አልቋል፤ ከእርስዎ ቤት በቀር የሚያውቅ የለም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። አባቴ ያንን ፈረስ ሰርቆ ነው ወይስ ተፈቅዶለት?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። «አልሰረቁም» ማለት ነው፤ አንድ ቃል። ግን እንዲህ ያለ ነገር፣ በደጀ ሰላም ሕዝብ ፊት የጠፋ ስም፣ እኔ ኪችን ውስጥ፣ ልጆቹ ካርቱን ከፍተው እየጮኹ፣ በዚያች በትንሿ ስልክ ሹክ ብዬ ልጨርሰው? ደግሞም እውነቱን ልናገር፤ ፊታቸውን ማየት ፈለግኩ። እንደዚያ ዓይነት ደስታ የሰው ፊት ላይ ሲወጣ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ይህ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም። እኔው መጥቼ ፊት ለፊት እነግርዎታለሁ።»

«ልጆቹ ይኑሩ ወይስ ብቻችንን ነን?» አሉኝ።

«ኧረ ይኑሩ! ቤተሰቡ ሁሉ ቢሰበሰብ ነው የሚሻለው።»

ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኝ ነበር። «ገባኝ» አሉ በመጨረሻ። «ይምጡ እንግዲህ። እግዜር ያክብርልኝ።»

ስልኩን ስመልስ ፈገግ ብዬ ነበር መሰለኝ፣ ሰናይት «ምን አሉሽ?» አለችኝ። «እሑድ አሌክሳንድሪያ እንሄዳለን» አልኳት።

ለምን እሑድ? እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ባዶ እጄን መሄድ አልፈለግኩም። የቤታችን ወግ ገመድ ነው፤ የወልዴ ገመድ አገር ቤት በኋላ የት እንደገባ አይታወቅም፤ እኔ ግን መጎንጎኑን አልረሳሁም። በደንቡ ገመዳችንን በእጃቸው አስይዤ፣ በልጆቻቸው ፊት «ይኸው፤ ባዝራችሁ በገመድ ነው የወጣችው» ልላቸው አሰብኩ።

ዓርብ ማለዳ ሜሮን ትምህርት ስላልነበራት የክር ሱቅ ወሰደችኝ። የፈረስ ጭራ የት ይገኛል? ወፍራም ጥቁርና ነጭ ክር ገዛን። ከዚያ ከሐበሻ ግሮሰሪ ያልተፈተገ ገብስ። ባለ ሱቁ «እማማ፣ ምን ሊሠሩበት ነው?» አለኝ። «ፈረስ ልቀልብ ነው» ስለው «የት ነው ፓርክ የሚያደርጉት?» ብሎ አሳቀን።

የክሩን ጫፍ የኪችን መሳቢያ እጀታ ላይ አሰርኩና እንደ እምዬ የሺ መጎንጎን ጀመርኩ። ሜሮን ቆማ አየችኝ።

«ኢዝ ዛት ኤ ሊሽ? እማማ፣ ውሻ እኮ የለንም!»

ጣቶቼ እንደ ልጅነቴ አልታዘዝ አሉኝ። ሁለቴ ተሳሳትኩ፤ ሁለቴ ፈታሁ። እንዲህ ሆኖ ልሰጣቸው ነው? ከእምዬ የሺ ገመድ ያነሰ ነገር ይዤ? እያልኩ።

ሰናይት ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ስትወጣ፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቁልፏን እያንቃጨለች ኪችን መጣች። «ደግሞ ኪችኑን ምን ብለሽ አሰርሽው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ፣ «እማዬ፣ የአልማዝ ቤት ከሆቴሉ ሩቅ አይደለም። ዛሬ አድርሼሽ ልለፍ? ማታ ስወጣ እወስድሻለሁ።»

«ገመዱ አላለቀም።»

«ሰውየው ገመድ ምን ያደርግላቸዋል? ንገሪያቸው በቃ።»

«አንቺ አይገባሽም። ባዶ እጄን አልሄድም። ልጆቹም ሁሉ የሚሰበሰቡት እሑድ ነው።»

«እንዳልሽ» አለችና ወጣች። ያ የቁልፏ ድምፅ ዛሬም ይሰማኛል። ያን ጊዜ ነጠላዬን ደረብ አድርጌ ብከተላት ምን ነበረበት?

ቅዳሜ ሰናይት ደብል ሺፍት ነበረባት። ገመዱን ጨርሼ፣ ጫፉን ቋጥሬ፣ በብርሃን ዘርግቼ አየሁት። ያምር ነበር። ጥቁሩና ነጩ እንደ እባብ ጀርባ ተዛዝሎ። ደስ ብሎኝ ሌሊቱን በሰላም ተኛሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሜሮን ጋር በባቡር ሄድን፤ መኪናዋን ሰናይት ይዛው ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር መሐል ከተማ ወርደን ቢጫውን ያዝን። ገመዱ በፌስታል ጭኔ ላይ ነው፤ ገብሱ ሜሮን ቦርሳ ውስጥ። ባቡሩ ወንዙ ላይ ሲወጣ ፀሐዩ ውሃው ላይ ያበራ ነበር። እኔ የምናገረውን አጠናለሁ።

«ምን ልትዪያቸው ነው?» አለችኝ ሜሮን።

«‹የወልዴ ልጅ ሆይ› ብዬ እጀምራለሁ። ከዚያ የእምዬ የሺን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ገመዱን። ከዚያ ገብሱን በእጃቸው...»

«እማማ፣ ጀስት ሴይ ኢት። ‹ሂ ዲድንት ዱ ኢት› በያቸው በመጀመሪያ፤ ሌላው በኋላ ይደርሳል።»

«እንደዚያ አይባልም።»

«ለምን?»

ባቡሩ መሬት ውስጥ ገባ። ክሪስታል ሲቲ ሲቆም ጣሪያውን እያሳየችኝ «እማዬ ከዚህ በላይ ነው የምትሠራው» አለችኝ። ልጄ ከራሴ በላይ አልጋ እያነጠፈች እኔ ከሥሯ ሳልፍ ገረመኝ። እንዲህ እንዲህ ስል አሌክሳንድሪያ ደረስን።

ከጣቢያው ታክሲ ያዝን። ረጅም ሕንፃ ነው፤ በአሳንሰር ወጣን። ኮሪደሩ ጫፍ ስንደርስ በሩ ላይ ያለውን ጫማ አየሁ። ብዙ ጫማ። አንድ ሽማግሌ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ይህን ያህል አይሆንም።

«ሰብስቧቸው ብለሽ አይደል?» አለች ሜሮን።

«አዎ» አልኳት። «እሱ ነው።»

አልማዝ በሩን ከፈተች። ዓይኗ አብጧል። «መጡ?» አለችኝ። «አባባ ትናንት ከቀትር በኋላ መናገር አቆመ። ነርሷ መጥታ ሄደች፤ ሆስፒታል አንወስደውም፣ እዚሁ በሰላም ይሁን ብለናል። ስልክ ልደውል ብዬ... እርስዎ በመንገድ ነዎት ብዬ ተውኩት።»

«ምን ሆኑ? ሐሙስ ደህና አልነበሩም?»

«ዓርብም ይናገር ነበር። ቅዳሜም እስከ ቀትር። ልቡ እኮ ድሮም ደካማ ነው። በዚህ ፍጥነት ግን አልጠበቅንም።»

መኝታ ቤቱ ውስጥ ልጆቻቸው፣ የልጆቻቸው ባሎችና ሚስቶች፣ የልጅ ልጆች ቆመዋል። ጋሽ ደምሴ በጀርባቸው ተኝተዋል፤ ቀይ፣ ረጅም ሰው፣ አገጫቸው ላይ ነጭ ጢም። ዓይናቸው በከፊል ተከፍቷል፤ የሚያይ ግን አይደለም። ከአልጋው ራስጌ ባለ ትራስ ወንበር ነበር፤ አጠገቡ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ውሃ በብርጭቆ፣ በሶፍት ተሸፍኖ።

«እዚህ ይቀመጡ» አለችኝ አልማዝ። «የእርስዎ ነው። አባባ ነው ያዘዘው።»

እንዲህ ያለ ክብር! ብዬ ልቤ ተነካ። ተቀመጥኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ጎንበስ ብዬ ጆሯቸው አጠገብ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ ሜሮን እንደነገረችኝ አልኩ፤

«ጋሼ፣ አባትዎ አልሰረቁም። ወልዴ አልሰረቁም!»

ቤቱ ውስጥ ሰው የተተኮሰበት ይመስል ነበር። አልማዝ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ታላቅ ወንድሟ ግርማ «ምን አሉ?» አለ፣ እንዳልሰማ።

እንደገና አልኩት። ከዚያ የእምዬ የሺን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ አባ ገስግስ ደሴ እንደነበሩ፣ ሴት አያቴ ገስግስን በእጇ ፈትታ እንዳወጣችው፣ ገመድ እንደተለዋወጡ፣ ወልዴ የሰው ትዳር እንዳይፈርስ ብለው ስማቸውን እንዳስጠፉ። «አባትዎ ሌባ አልነበሩም፤ አገሩ ላይ ከሁሉ የሚበልጡ ጨዋ ነበሩ» አልኩ። ገመዱን አውጥቼ እጃቸው መዳፍ ላይ አስቀመጥኩና ጣቶቻቸውን አጠፍኩበት። ገብሱንም ከትራሱ አጠገብ በትንሹ በተንኩ።

«አባባ! ሰማህ?» አለች አልማዝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ወድቃ «አባባ ስማ! አባባ ስማ!» እያለች ትከሻቸውን ትነቀንቅ ጀመር። ግርማ ወደ መስኮቱ ዞሮ ግንባሩን መስተዋቱ ላይ አስደገፈ። ልጆቹ ሁሉ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የአንድ ትልቅ ሰው ልጆች ያን ያህል ሲንሰቀሰቁ አይቼ አላውቅም። የደስታም የሐዘንም ነው ብዬ አብሬ አለቀስኩ።

ጋሽ ደምሴ አልተንቀሳቀሱም። ጣቶቻቸው ገመዱ ላይ እንዳጠፍኳቸው ቀሩ። ሜሮን ከኋላዬ ትከሻዬን ይዛ፣ «ጆሮ እኮ መጨረሻ ነው የሚሄደው ይባላል፤ ሰምተውሽ ይሆናል» አለችኝ።

ማክሰኞ አረፉ። ገመዱን አብረው ቀበሩት፤ ግርማ ነው «ከአባባ እጅ አይወጣም» ያለው። ቀብሩ ላይም እሱው በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ «አያቴ ወልዴ» ብሎ ስማቸውን ጠራ፤ ያ የተነወረ ስም በአሌክሳንድሪያ መቃብር፣ በአንድ ቀዝቃዛ ጠዋት፣ ቀና ብሎ ተጠራ።

ከዚያ በኋላ እንግዲህ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ። ሰምተዋል እላለሁ። ባይሰሙም፣ ቢያንስ እሑድን እየጠበቁ ነው የሄዱት፤ የሚጠብቁት ነገር ያለው ሰው ደግሞ ተስፋ ይዞ ነው የሚሄደው እላለሁ። ልጆቹ ሰምተዋል፤ ዋናው እሱ ነው እላለሁ። ልቤ ግን ዓርብ ላይ ተመልሶ ይቆማል። ያችን የክር ጫፍ መሳቢያው ላይ እንዳሰርኩ፣ ሰናይት ቁልፏን ይዛ በር ላይ እንደቆመች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ለማንም መካሪ አይደለሁም። ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለውጫለሁ። ስልክ አነሳለሁ። ለሰው የምሥራች ካለኝ ወዲያው፣ ምጣዱ ላይ ያለው ቢያርርም፣ ልጁ ቢያለቅስም፣ ባቡር ውስጥም ቢሆን እነግረዋለሁ። ሜሮን ያገባች ጊዜ ለአገር ቤት ሰው ሁሉ በስልክ ስጮህ፣ «እማማ፣ ከተማው ሁሉ ሰማሽ» አለችኝ። ይስማ አልኳት። ወጉን ጠብቄ፣ አሳምሬ፣ በደንቡ አድርጌ ላቅርብ ያልኩት ነገር ምን ያህል ጊዜ እንደ ወሰደብኝ አውቃለሁ። እምዬ የሺ ፈርታ ዝም አለች፤ እኔ ሳልፈራ፣ ለክብሩ ብዬ ዘገየሁ።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ሜሮን ግን «የወንበሩንም ጻፊው» አለችኝ።

ካቻምና ነው፣ ከቀብሩ ብዙ ዓመት በኋላ። አልማዝ ጌይተርስበርግ ቤት ገዝታ ነበርና ልንመርቅላት ሄድን። ከኋላ በረንዳው ላይ ያን ባለ ትራስ ወንበር አየሁት። ጨርቁ ተቀይሯል፣ እሱ ግን ራሱ ነው።

«ወንበሬ!» ብዬ ሳቅኩ። «አባትሽ ያከበሩኝ ወንበር!» ብዬ ልቀመጥ ስል፣ አልማዝ ፊቷ ተለወጠ።

«እማማ ጥሩነሽ» አለችኝ፣ «እስካሁን አልነገርንዎትም። ግርማ ይጎዳቸዋል፣ አይነገር ብሎ ነው። ግን እኔ አልችልም።»

«ምኑን ልጄ?»

«ያን ሐሙስ ስልኩን ዘግቶ ሁላችንንም ጠራን። ‹በስልክ አይነገርም አለችኝ፤ ቤተሰቡ ይሰብሰብ አለች› አለን። ‹እኛ ዘንድ በስልክ የማይነገረው መርዶ ነው። ሴትዮዋ ጨዋ ናት፤ እንዳልደነግጥ ብላ ነው። አባቴ ሰርቋል› አለን። ከዚያ በኋላ እህል አልቀመሰም። ቅዳሜ እስኪዘጋው ድረስ የተናገረው ያንኑ ነው።»

እኔ ቆሜ ነበር። መቀመጥ አልቻልኩም።

«ወንበሩስ?» አልኳት።

«ወንበሩን ከሳሎን አስገቡ ያለን እሱ ነው» አለች አልማዝ። «‹ያንን የሚያህል ነገር ተሸክማ ስትመጣ ይደክማታል፤ ጥሩ ወንበር አድርጉላት፣ ውሃም አስቀምጡላት። የምትለውን በለሰለሰ ፊት ስሟት፤ እንዳትቀየሟት› አለን።»